ፍሬን አረቄ ይጠጣል ወይ?

ጳጉሜን 1፣ ሰኞ

አይሰጥም አልኩ። ከዚያ ሰጠሁ። በሁለቱ መካከል አንድ ብርጭቆ ሻይ እንኳ አልበረደም።

የመጣው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ምስጋናው ራሱ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምሬው ወድቋል። አብዮቱ እስኪመጣ ድረስ «እርስዎ» ይለኝ ነበር። ዛሬ የጫማውን ጭቃ ደጃፌ ላይ እያራገፈ፣ «ስሚ መምህርት የሺ» ብሎ ጀመረ። መስከረም ሁለት ለአብዮት በዓል ከጎንደር ትልቅ እንግዳ ይመጣል። እንግዳው ከከተማው መግቢያ እስከ መድረኩ ድረስ በእኔ መኪና ላይ ቆሞ፣ ለሕዝቡ እጁን እያወዛወዘ ያልፋል።

«የፋሽስት ወራሪ ንብረት ነበረች። ዛሬ የሰፊው ሕዝብ ልጅ ይቆምባታል። ትርጉሙ ይገባሻል?»

ትርጉሙ ገባኝ። ያልገባኝ፣ ጣሪያዋ ሸራ መሆኑንና እንደሚታጠፍ ማን እንደነገረው ነው።

«እሺ፣ እኔ እነዳታለሁ» አልኩት።

«እንግዳው ሴት ስትነዳው ይደነግጣል።»

«ባለፈው የካቲት የሴቶች እኩልነት መፈክር ያሸከምከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?»

«እሱ መፈክር ነው። ይሄ መኪና ነው።»

በሕይወቱ ከተናገረው ሁሉ እውነት የሆነው ይኸው ይመስለኛል።

እሱ እንደወጣ እናቴ፣ «ስጫቸው ልጄ። እሷን ሲወስዱ አንቺን ይረሱሻል» አለች። እናቴ ፖለቲካ አታውቅም ይባላል።

ስድስት ዓመት! እብናት ከአንድ ነጋዴ ጓሮ ሳገኛት የዶሮ ቤት ነበረች። ጣሊያን ጥሏት ከሄደ ጀምሮ ዶሮ ነው የተሳፈረባት። ኩሱን በማንኪያ ነው የፋቅሁት። ካርቡራተሩን ስፈታ የደረቀ እንቁላል ወጣ። መሪው ላይ አውራ ዶሮ እንጂ ሰው ተቀምጦ የማያውቅ ትመስል ነበር። አሁን ደብረ ታቦር ውስጥ እንደሷ ያለ የለም፤ ጎንደርም መኖሩን እንጃ። በኩፖን የማገኛት ቤንዚን ተጠራቅማ በወር አንድ እሑድ ከጉና ተራራ ሥር እስካለችው ገሳይ ደርሼ እመለሳለሁ። ያቺ አንዲት እሑድ ናት የእኔ ንብረት። ምስጋናው የጠየቀኝ እሷን ነው።

ጳጉሜን 2፣ ማክሰኞ

ወሰዷት።

ሹፌር ብለው የላኩት ደሴን ነው። የቀበሌው የእህል ጭነት መኪና ነጂ። ክፉ ሰው አይደለም። እጁ ግን ጎማ ሲፈታ የኖረ እጅ ነው፤ የማርሹን ዘንግ ሲይዘው የዶሮ አንገት የያዘ መስሎኝ ሰቀጠጠኝ።

አንድ በአንድ አሳየሁት። ቤንዚን የሚዘጋበትን። ጠዋት በእጅ በሚዞረው ማስነሻ ብረት ስትነሳ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጋር መሆኑን፣ አለዚያ ክንድ እንደምትሰብር። ከሁሉም በላይ ፍሬኑን።

የፍሬኗ ነገር እንዲህ ነው። የውስጧ ጎሚኒ፣ ዘይቱን የሚያፍነው ላስቲክ፣ የድሮ ጎማ ነው፤ የሚስማማው ከዕፅ የተጨመቀ ዘይት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ድረስ አስፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ እኔው ሠራሁት፦ ግማሽ የጉሎ ዘይት፣ ግማሽ ዳግም አረቄ። ተራ አረቄ ውሃው ይበዛል፤ ከዘይቱ ጋር ይጣላል። ሁለት ጊዜ የወጣው ግን እንደ ባልና ሚስት ይስማማል። ይህን ያገኘሁት በሦስተኛው ዓመት ነው። በዚያን ቀን ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ጠርሙሱን ከወንበሩ ሥር አውጥቼ ለደሴ ሰጠሁት። «የፍሬን ዘይት ነው። ፔዳሉ ዝቅ ካለብህ ከዚህ ጨምር።»

ከፍቶ አሸተተ። ፊቱ እንደ አደይ ፈካ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ አረቄ ነው!»

«ዳግም አረቄ አለበት። የቀረው ደግሞ...»

«ትምህርት ቤት አይደለም! ንዳ!» ብሎ ምስጋናው ከኋላ ወንበር ጮኸ። ደሴ ነዳ። የቀረው የጉሎ ዘይት መሆኑን፣ ሌላ ዘይት አንድ ጠብታ እንዳይገባ፣ ከገባ ጎሚኒው እንደሚያብጥ፣ ይህን ሁሉ የተናገርኩት ለጭስ ማውጫዋ ነው።

ጳጉሜን 3፣ ረቡዕ

ሩፋኤል። ዝናቡ እንደ ወጉ ወረደ። የሰፈሩ ልጆች በሙሉ ራቁታቸውን ደጅ ወጥተው ይጠመቃሉ። እናቴ በገንዳ ውሃ አጠራቀመች። ሌላ ዓመት ከዚሁ ውሃ ራዲያተሯን እሞላ ነበር። እናቴ ጸበል ስለሆነ ነው ትላለች። እኔ ኖራ ስለሌለው ነው እላለሁ። ተከራክረን አናውቅም፤ ራዲያተሩ ሁለታችንንም ይቀበላል።

ዛሬ ገንዳው ሞልቶ ቆመ። እኔም እንደ ገንዳው።

ከሰዓት በኋላ ለሰልፉ ልምምድ ሲነዷት ድምፅዋን ከቤት ሆኜ ሰማሁ። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲያስገባ ፍሪሲዮኑን ሳይረግጥ ነው። ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው ላይ የያዝኩትን ሲኒ አስቀመጥኩ፤ ባላስቀምጠው ግድግዳው ላይ ነበር የሚያርፈው። ስወጣ በሮቿ ላይ መፈክር በሙጫ ለጥፈዋል። ጣሪያዋን ስለገለጡት ደሴን ዝናብ ይመታዋል። ቀዝቅዞት ከንፈሩ ጠቁሯል።

«ሸራውን መልሱት እንጂ!» ብል፣ አንዱ ካድሬ «ለአብዮቱ ትንሽ መርጠብ ምን አላት?» አለኝ። እሱ ጃንጥላ ይዟል።

ጳጉሜን 4፣ ሐሙስ

በጠዋት አብዮት ጠባቂው ጋሽ አለነ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። ሽማግሌ ነው፤ ጠመንጃው ከእሱ በዕድሜ ይበልጣል።

«ልጄ የሺ፣ ቀበሌ ትፈለጊያለሽ።»

«በደኅና ነው ጋሽ አለነ?»

«በደኅናማ ቢሆን እኔን ምን ያስመጣኛል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሴ ትናንት ማታ ታሞ ጤና ጣቢያ ተወስዷል። ከሥሩ እንደተከፈተ በርሜል ሆኗል፤ አይቆምም። ከመኪናዋ ውስጥ ታቹ ላይ ጥቂት ብቻ የቀረበት ጠርሙስ ተገኝቷል። ጠርሙሱን ማን ሰጠህ ሲሉት «መምህርቷ» ብሏል። ሌላ አላለም።

ቢሮው ውስጥ ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ምስጋናው ገና አፉን ሲከፍት ያቺን ቃል አወጣት፦ አሻጥር። ሰው በዚህች ቃል ሄዶ ያልተመለሰባት ከተማ ናት። ፈራሁ፤ አልደብቅም። ንዴቱ ባይኖር ኖሮ እለምናቸው ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የፍሬን ዘይት።»

«ለምን ለጓድ ደሴ አጠጣሽው?»

«ለደሴ አይደለም፤ ለፍሬኑ ነው የሰጠሁት።»

«አረቄ ይሸታል።»

«ዳግም አረቄ አለበት።»

«ፍሬን አረቄ ይጠጣል ወይ?»

«የእኔ ይጠጣል።»

በሩ ላይ የቆመው ጋሽ አለነ የሚያስል መስሎ ሳቀ። ምስጋናው ግን ፊቱ ቀልቶ ውሳኔውን አሰማ፦ እንግዳውን አሳፍሮ አብዮቱን ለማክሸፍ የተዶለተ መርዝ ነው፤ መኪናዋ ተወርሳለች፤ እኔ ከበዓሉ በኋላ ወደ ጎንደር እላካለሁ።

ያኔ ነው ጠርሙሱን ያነሳሁት። የቀረውን ጨለጥኩት። አንድ ሲኒ ይሞላ ነበር። «መርዝ ከሆነ እዚሁ ጠብቁኝ» አልኳቸው።

ጠበቁኝ። አልሞትኩም። ጋሽ አለነ ጠርሙሱን ተቀብሎ አሸተተና፣ «ጉሎ ነው እኮ! እኔንም ልጅ ሆኜ ሆድ እንዲያጥብ አጠጥተውኛል። ከኮሶ ይብሳል» አለ። «ጎበዝ፣ አሁን ብትለቋት ይሻላል። ለእሷ ብዬ አይደለም፤ ለወንበሩ ብዬ ነው።»

ከቤት እንዳትወጪ ተብዬ ተለቀቅሁ። መውጣትስ ማን ችሎ!

ጳጉሜን 5፣ ዓርብ

ሊቀመንበሩ ገና ሳይረፍድ መጣ። ሽንት ቤት ነበርኩ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «የእኔ ጌታ፣ ይጠብቁ። የእናንተን ዘይት እየመለሰች ነው» ስትለው ሰማሁ። ቆሞ ጠበቀ። በዚህ ሳምንት ደስ ያለኝ ነገር ይህ ብቻ ነው።

ሌሊቱን ሊያስጌጧት ገፍተው መድረኩ ሥር አድርሰዋታል። ቁልቁለት ነው። አንዱ ገብቶ ፍሬን ረገጠ፤ ቆመች። ከዚያ በኋላ ግን አልለቅም አለች። አራቱም ጎማ ተቆልፏል። ሃያ ሰው ገፋ። በሬ ጠምደው ሳቡ፤ ገመዱ ተበጠሰ። ነገ ዓውደ ዓመት፣ ከነገ ወዲያ ሰልፍ። መድረኩ ፊት መንገዱን ዘግታ፣ በሮቿ ላይ «ወደፊት!» ተለጥፎባት፣ ቆማለች።

ሲነግረኝ ገባኝ። ደሴ አብዛኛውን ጠጥቶ፣ ፔዳሉ ዝቅ ሲልበት እንዳይታወቅ ፍሬኑ ውስጥ የሞተር ዘይት ጨምሯል። ጎሚኒዎቹ እንደ ረጠበ ባቄላ አብጠው መመለሻውን ቀዳዳ ደፍነውታል።

መድኃኒቱም ገባኝ። በየጎማው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ብሎን ማላላት ነው። ዘይቱ ፊጭ ይላል፣ ጎማው ይለቃል። በቃ። ይህን አልነገርኩትም።

«ከባድ ነው» አልኩት። «መጀመሪያ ግን ጠርሙሱ መርዝ አለመሆኑን መድረኩ ፊት፣ ሰው እየሰማ ትናገራለህ። መኪናዋም ቤቷ ትገባለች።»

«እኔን ታዢኛለሽ?»

«አላዝህም። አንተ ግፋ፤ እኔ ቤቴ ነኝ።»

እስከ እኩለ ቀን ገፉ። ከዚያ ጋሽ አለነ ያለ ጠመንጃው መጥቶ ወሰደኝ። ሰዉ ተሰብስቧል። ምስጋናው መድረኩ ላይ ወጥቶ ግንባሩን ይጠርጋል። መርዝ አይደለም ካለ፣ ሹፌሩ የአብዮቱን መኪና እየነዳ አረቄ ጠጥቷል ማለት ነው። መርዝ ነው ካለ መኪናዋ መንገዱ ላይ ልታረጅ ነው። ኬሚስትሪም ሲፈተን ፊቱ እንዲሁ ነበር።

መልሱን ደሴ አመጣው። ከጤና ጣቢያ ጋቢ ተከናንቦ፣ ግድግዳ እየተደገፈ።

«እኔ ነኝ የጠጣሁት» አለ። «በረደኝ። አረቄ ሸተተኝ። የጠጣሁትስ ይሁን፤ ሆዴ ፈርዶብኛል። የሞተር ዘይት ፍሬን ውስጥ የጨመረ ሹፌር ግን... እትዬ፣ እንግዳው ተሳፍሮባት ቢሆንስ? ልጆቹ ፊቷ እየሮጡ ቢሆንስ?» አለቀሰ።

ምስጋናው፣ «እንግዲህ... መርዝ አይደለም» አለ፣ ለጫማው።

መፍቻዬን ይዤ ከሥሯ ገባሁ። ሦስት ጎማ ለቀቅሁ። አራተኛው ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየሁ፤ ከፊት መድረኩ፣ መድረኩ ላይ ምስጋናው። ቁልቁለት። ፍሬን የላትም። የያዛት አንዲት ብሎን ናት። እጄ እዚያው ቆመ። ምን ያህል ጊዜ እንደቆመ አልጽፍም።

«ከፊቷ ድንጋይ አድርጉ!» ብዬ ጮህኩ። አደረጉ። ከዚያ ፈታሁት።

መስከረም 1፣ ቅዳሜ

እንኳን አደረሰን። ቤት ገብታለች። በሬዎች ናቸው ያመጧት፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ንቀት ይታወሰኛል። መፈክሩ ሲላጥ ከቀለሟ ጋር ተላጠ። ቀኑን ሙሉ ሰደብኩ፤ ዓውደ ዓመት ነው ብላ እናቴ ተቆጣችኝ።

ደሴ ከመኪና ወርዶ የእህል መጋዘን ጠባቂ ሆኗል። አብዝቼ ልጠላው ነበር፤ አልተመቸኝም።

መስከረም 2፣ እሑድ

እንግዳው በራሱ ላንድሮቨር መጣ። መስኮቱን አልከፈተም፤ ዝናብ ነበር።

መስከረም 3፣ ሰኞ

ምስጋናው ጠዋት መልእክት ላከ። መኪናዋ የሕዝብ ታሪክ ስለሆነች ለሁሉም በዓል ዝግጁ ትደረግ ዘንድ ኮሚቴው ይነጋገርበታል፤ ጥገናው እንዳለቀ አሳውቂ። እንዳለቀ!

አራቱንም ጎማ ፈትቼ ከአልጋዬ ሥር ከተትኩ። እሷን ድንጋይ ላይ አቆምኳት። ስድስት ዓመት እንድትሄድ ደከምኩ፤ አሁን የእኔ ሆና የምትቆየው ካልሄደች ብቻ ነው። እናቴ አይታ፣ «ላም አለኝ በሰማይ» አለች። ቀሪውን አልጨረሰችውም፤ አዘነችልኝ መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ አላስቻለኝም። በብረቱ አዙሬ አስነሳኋት። አንደኛ አስገባሁ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፤ ፍሪሲዮኑን በደንብ እየረገጥኩ። የኋላ ብረቶቿ በባዶው አየር ይሽከረከራሉ። ገሳይ የሚያደርስ ያህል ነዳሁ። ዓይኔን ብጨፍን ጉና ከፊቴ ነበር።

አጥሩ ላይ የምስጋናው ራስ ብቅ አለ።

«ተሠራች እንዴ?»

«አልተሠራችም።»

«ታዲያ የሚጮኸው ምንድን ነው?»

«እሷ ናት። ተናዳ ነው» አልኩትና ቤንዚን ጨመርኩላት።