ሳጥኑ ያልበቃው ሟች

ይድረስ፦ በገዳሪፍ የወቅት ሠራተኞች ምዝገባ ማእከል ለተከበሩ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣስ እንዴት ሰነበቱ? እኔ በመዝገብዎ ላይ ሞቼ ከመገኘቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሙት ለኃላፊ ሲጽፍ የሚከተለው ደንብ ካለና ሳላውቅ ከተላለፍኩ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የሚከተሉትን ምስጋናዎቼን በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ስም ሳጥኑ። በምዝገባ ፕሮግራሙ መስኮት ላይ ስም የሚጻፍበትን ሳጥን የሠሩት እርስዎ ራስዎ እንደሆኑ ሰምቻለሁ፤ እጅዎ ይባረክ። ከመተማ ወዲህ ወደ ሱዳን ሰሊጥ ለማረም ለምንሻገር ሰዎች አባቶቻችን ይህን ሁሉ ስም ሲያወጡልን ሳጥንዎ ጠባብ እንደሚሆን አላሰቡም ነበር። እኔ ገብረስላሴ ወልደሚካኤል ነኝ። መፋዛ አጠገብ አብሮኝ ያርም የነበረው ጓደኛዬ ደግሞ ገብረስላሴ ወልደገብርኤል ይባል ነበር። በሳጥንዎ ውስጥ ግን ሁለታችንም «ገብረስላሴ ወልደ» ነን፤ የቀረው ስማችን ከሳጥኑ ጠርዝ ወዲያ ተሰውሮ ይኖራል።

ጓደኛዬ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወባ ይዞት ሞተ። ከራሃድ ወንዝ ዳር፣ ከእርሻው ጫፍ ላይ ቀበርነው። የእርሻው ወኪል ለማእከልዎ አስታወቀ፤ መዝጋቢው ኢሀብም ስሙን ሲፈልግ አንድ የሚመስሉ ሁለት ስሞች ወጡለት፤ የላይኛውን ነካና «ሞቷል» ብሎ መዘገበ። የላይኛው እኔ ነበርኩ። በኢሀብ አልፈርድም፤ ያየው እርስዎ ያሳዩትን ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ መርዶው። የመተማ ሽማግሌዎች ከማእከልዎ ወሬውን እንደሰሙ፣ እንደ ደንቡ ሰብሰብ ብለው ገና ጎህ ሲቀድ እናቴ ደጅ ቆሙ። እናቴ ደረቷን ደቃች፤ ጎረቤቱ ድንኳን ተከለ፤ እኔም በሌለሁበት በወጉ ተለቀሰልኝ። ኋላ ስልክ ስደውልላት ማን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ ስሜን ስነግራት ስልኩን ጥላ ሮጠች። አሁንም ስታናግረኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው፤ በልቧ እንዳላመነችኝ አውቃለሁ። ማእከሉ ድረስ ሄጄ በሕይወት መኖሬን ባመለክት፣ መዝገቡ የሚታረመው የሟች የቅርብ ዘመድ ቀርቦ ሲያመለክት ብቻ እንደሆነ ተነገረኝ። ለሟቹ ከእኔ የሚቀርብ ዘመድ እንደሌለው ለማስረዳት ብሞክርም ኢሀብ በሐዘኔታ «ኸላስ፣ በቃ አለቀ» ብሎ አሰናበተኝ። በቁሙ ተለቅሶለት የማያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ክብር እንደሆነ አይገባውም።

ሦስተኛ፤ እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። የጓደኛዬ እናት ወይዘሮ እናኑ ትባላለች። በመዝገብዎ ልጇ ሕያው ነው። እውነቱን ለሽማግሌዎቹ ነግሬያቸዋለሁ፤ ይሁንና በሕይወት ላለ ሰው መርዶ ተናግረው አንዴ ስላፈሩ፣ ማእከሉ ራሱ ሞቷል ካላለ የእናኑን ደጅ አንረግጥም ብለዋል። መርዶ ደግሞ በስልክ፣ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። ስለዚህ ለዚያ ሰው እስከ ዛሬ ማንም አላለቀሰለትም። እናኑ በቅርቡ ለልጇ እጀ ጠባብ አሰፍታ በጭነት መኪና በገላባት በኩል ላከች። አምጪዎቹ ማእከሉን ቢጠይቁ «ገብረስላሴ ወልደ» የሚባል አንድ ሕያው ብቻ አለ ተብለው ወደ እኔ አመጡት። ልመልሰው ሳጥፍ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁት፤ ልክክ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ እርሻው ውስጥ ስሜ ሲጠራ ከኋላዬ ሌላ ሰው አብሮኝ ዞር የሚል ይመስለኛል። ክቡር ሆይ፣ እፈራለሁ፤ ከመፍራቴም ይበልጥ አዝንለታለሁ።

አራተኛ፤ ስለ መፍትሔው። ገላባት ላይ ሱቅ ያለው የአቶ አኑዋር ልጅ ፈይሩዝ ኮምፒውተር ትማራለች፤ ነገሩን ያስረዳችኝም እሷ ናት። ስማችን አልጠፋም፤ ሙሉው ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጧል። ሳጥኑ ስፋቱን ከተጻፈበት ስም እንዲወስድ፣ መስኮቱ ሲለጠጥም አብሮ እንዲለጠጥ ማድረግ ይቻል ነበር አለች። እርስዎ ግን ስፋቱን በአንድ ቁጥር ቸንክረውታል፤ መስኮቱ ቢሰፋ የሚሰፋው ከሳጥኑ ጎን ያለው ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ምናልባት ሲሞክሩት የራስዎን አጭር ስም ጽፈው ልክ ሆኖ አግኝተውት ይሆናል። እኔ ወደዚያ ባዶ ቦታ ሳይ ጓደኛዬ ይታየኛል።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ሳጥኑን ያስፉልን። ኢሀብ ሙሉ ስሙን አይቶ የሞተውን ሞተ ይበልልን፤ ሽማግሌዎቹ ይሂዱ፤ እናኑም ልጇን ታልቅስ።

ደብዳቤዬን ለማንበብ ውድ ጊዜዎን ስለሠዉ፣ ስሜንም እስከ መጨረሻው በመጻፌ ገጹን ስላጣበብኩብዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከነሙሉ ትንፋሼና ከነተዝካሬ በፊትዎ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤

ገብረስላሴ ወልደሚካኤል
ከመፋዛ፣ ከሰሊጡ ማሳ

ሳልጽፈው የቀረ፦ ጓደኛዬን የቀበርነው ሰዎች ኮምፒውተር አልተማርንም፤ በእጃችን የነበረው አካፋ ብቻ ነው። አብሮን ያርም የነበረው ዘመኑ የሚባል ጓደኛችን በገመድ ቁመቱን ለክቶ ቆፈርን፤ ስናወርደው ግን ጉድጓዱ አጠረ። መልሰን አወጣነውና ጉድጓዱን አረዘምን እንጂ፣ ሰውየውን አላሳጠርንም።