ዘጠኝ አግዳሚ ወንበር

እታለም፣ ይህ ወረቀት በደህና ያግኝሽ። እኛ ደህና ነን፤ አባባም «አባትሽ ደህና ነው ብለህ ጻፍ» ብለው አዘውኛል።

የረጅሙን የእግር ጉዞ መንገድ በኮምፒውተር ካርታ ላይ ነድፌ ልጨርስ ነው። የቀረችው ከቤታችን በላይ ያለችው ዳገት ነበረች። ጡረተኛው ቀያሽ አባባ፣ «እኔ እያለሁ ማን ሊለካት!» ብለው ስልኬን ኪሳቸው ከተው ወጡ። ስልኩ አካሄዳቸውን ይመዘግባል፤ ሰው ቆም ያለበትን በቀይ ነጥብ ያሳያል። እኛም እዚያ አግዳሚ ወንበር እንተክላለን።

አምና በአንድ ትንፋሽ የወጧት ዳገት ናት። ዛሬ ቢሮ ካርታው ላይ ብከፍታት ክው አልኩ፤ ኩፍኝ ወጥቶባታል። ዘጠኝ ነጥብ! ካርታውን ሦስቴ ዘግቼ ከፈትኩት፤ አንዱም ንቅንቅ አላለም።

አለቃዬ አጮልቃ አይታ፣ «መንገድ ነው ወይስ ሳሎን?» ብላ ሳቀች።

አባባን ብጠይቃቸው፣ «ከተማውን ቁልቁል እያየሁ ነዋ!» አሉ። ስድስቱ ነጥብ ከፋብሪካው አጥር ሥር ነው፤ ከግንቡ በቀር የሚታይ የለም።

ዘጠኙንም ወንበር አስገብቻለሁ። አንቺ የምትመጪው ለመንገዱ ምርቃት፣ የዛሬ ዓመት ነው አይደል? ወንበሮቹ ግን በሚቀጥለው ወር ይተከላሉ። ለእነሱ ነይ። የመጀመሪያው ከደጃችን አርባ እርምጃ ነው፤ አባባ እዚያ ቁጭ ብለው ይጠብቁሻል።

ሰላምሽ ይብዛ፤
ታናሽ ወንድምሽ