ለፍሬ ሠርግ የተማርኳቸው አራት ኮርዶች

ውድ ጌትዬ፣

አንተን ሸኝተን ከተመለስን ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። ደብዳቤ ሲጀመር ስለ ጤና ነው የሚጠየቀው፤ አንተን ግን ምን ብዬ እንደምጠይቅህ አላውቅም። እኔ ደህና ነኝ። ንዴቱ ብቻ ነው ያስቸገረኝ፤ የምናደደውም በአንተ ነው። ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ስትስቅብኝ መናገር ስለለመድኩ በወረቀት መናደድ አልሆነልኝም። ቢሆንም ልሞክረው።

ስንት ዓመት ነው "ነገ አስተምርሻለሁ" ስትለኝ የኖርከው? በወጣትነትህ ኪነት ቡድን ውስጥ ኦርጋን የተማርክ ሰው፣ ያን ኪቦርድ ከጎንደር እስከ ደባርቅ በአውቶቡስ ጭንህ ላይ ታቅፈህ ያመጣህ ሰው፣ ለሚስትህ ሦስት ጣት የት የት እንደሚቀመጥ ለማሳየት ጊዜ አጣህ። አንድ ቀን ፈተና ማረም ነው፣ አንድ ቀን ስብሰባ ነው፣ አንድ ቀን ብርድ ነው፣ አንድ ቀን መብራት የለም። አንተ ፒያኖ ትለዋለህ፤ እኔ ደግሞ ፒያኖማ እግር አለው እያልኩ አበሽቅህ ነበር። እንዲህ ስንቀላለድ ነገ የምትለው ቀን አለቀ።

ቤቱ እንደተውከው ነው ልልህ አልችልም። በረዶው የጓዳውን ቆርቆሮ በስቶት ነበር፤ አስቀይሬዋለሁ። የተከልከው ጽድ ከአጥሩ በልጧል። ጎረቤታችን እማማ ብርቄ አሁንም የቤታችንን ነገር ከእኔ ቀድመው ያውቃሉ። ኪቦርድህን ግን ሙት ዓመትህ እስኪወጣ በጋቢህ ጠቅልዬ አልጋ ሥር አስቀመጥኩት። ሐዘን ቤት ሙዚቃ አይሰማም፤ ይሰማ ቢባልም እኔ አልችለውም ነበር።

በጥምቀት ፍሬ ከምትሠራበት ከጎንደር መጣች። ልጃችን ልታገባ ነው። ልጁ የዳባት ሰው ነው፣ የግብርና ባለሙያ፣ ዝምተኛ፤ ብታውቀው ትወደው ነበር። ቀኑ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ተቆረጠ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ የራሷን ነገር አመጣች። በመልሷ ቀን፣ ድግሱ እኛ ቤት ሲሆን፣ እሷ ስትወለድ ያወጣህላትን ዘፈን ራሷ ልትዘፍነው ትፈልጋለች። እንግዲያውስ ተጫዋች ከጎንደር እናስመጣ አልኳት። "አባዬ እጫወትልሻለሁ ብሎኝ ነበር። እሱ ከሌለ አንቺ ተጫወቺው። አንቺም ካልቻልሽ ይቅር" አለች። ይቅር ስትል አገጯ ያንተን ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።

ያን ዘፈን በየልደቷ እንጫወተው ነበር፤ አንተ ኪቦርዱ ላይ፣ እኔ ከጎንህ ቆሜ። "ፍሬዬ" ብሎ ከፍ የሚለው ቦታ ጋ ስንደርስ ዓይንህን ጨፍነህ ትጠብቀኛለህ። እንቅርቴን በቀዶ ጥገና ካወጡልኝ በኋላ ግን ድምፄ እዚያ አልደርስም አለ። በልደቷ ዋዜማ ስሞክረው መሐል ላይ ተሰነጠቀብኝና ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ሁለተኛ አልዘፍንም አልኩህ። በማግስቱ ድፎው ሳይቆረስ ጠራኸኝና አንዴ ብቻ ሞክሪው አልከኝ። ሞከርኩት፣ ደረስኩ። ድምፅሽ ተመልሷል አልከኝ፤ እኔም አመንኩህ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ደረስኩ።

እንግዲህ መማር ተጀመረ። እናንተ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሚያስተምረውን፣ ጊታር ያለውን መምህር ደሳለኝን ታስታውሰዋለህ። ዘፈኑን አንጎራጎርኩለት። ጊታሩን እየነካካ አዳመጠኝና አራት ኮርድ ብቻ ነው አለኝ፤ ሲ፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ፣ ጂ። ፈረንጆቹ ስንቱን ዘፈን በእነዚህ ይጫወቱታል፣ ቀላል ነው አለ። ቀላል የሚለውን ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠልቼዋለሁ። አንድ በጎ ፈቃደኛ ፈረንጅ ትቶለት የሄደውን የሮክና የፖፕ ፒያኖ መማሪያም አዋሰኝ። ሥዕሉ ላይ ያለው እጅ ጣቱ ረጃጅም ነው፤ በሕይወቱ ጋቢ አጥቦ የማያውቅ እጅ።

ኮርድ ማለት ሦስት ድምፅ ባንዴ መጫን ነው፤ አውራ ጣት፣ የመሐል ጣት፣ ትንሿ ጣት፣ በመካከላቸው አንዳንድ ነጭ ቁልፍ እየዘለሉ። ሲነገር ይኸው ነው። የእኔ ትንሽ ጣት ግን ሁልጊዜ ዘግይታ ትደርሳለች፣ የቀለበት ጣቴ ደግሞ ማንም ሳይጠራው ይወርዳል። ግራ እጄ ከታች የኮርዱን መነሻ ድምፅ ብቻ ይዞ ምቱን መጠበቅ ነበረበት፤ ቀኙ ኮርድ ሲቀይር እሱም ደንግጦ አብሮ ይቆማል። ኤፍ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ጆሮዬ ያደገው በትዝታ ቅኝት፣ በአምስት ድምፅ ነው፤ ኤፍ ለእሱ ባዳ ነው። ጣቴ እዚያ ሲያርፍ የተሳሳተ እየመሰለው ራሱ ወደ ጎን ይሸሻል። ደሳለኝ ይስቃል፣ እኔ እናደዳለሁ፣ እሱ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል።

አንዱን ኮርድ ከሌላው በቅጡ ሳላገናኝ ዐቢይ ጾም ገባ። እማማ ብርቄ በአጥር ብቅ ብለው፣ ጌታቸውን ነፍሱን ይማረውና በሁዳዴ ከዚህ ቤት ዘፈን እንዳይሰማ አሉኝ። እሳቸው ባይሉም አላደርገውም ነበር። ግን ፋሲካን ብጠብቅ ሠርጉ ደረሰ ማለት ነው። ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ? ኪቦርዱን ሳልሰካ ተማርኩ። እኔም ትምህርት ቤቴ ክፍሌን አስተምሬ ስመለስ ጣቶቼን ከሰል ላይ አሞቅና ድምፅ የሌለው ቁልፍ ላይ ሲ፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ፣ ጂ እላለሁ። የሚሰማው የፕላስቲኩ ቀጭ ቀጭ ብቻ ነው። ሊማሊሞን ወጥተው የሚመጡት ከባድ መኪናዎች በበራችን ሲያልፉ እሱም ይጠፋል። ዘፈኑን በልቤ እየዘፈንኩ፣ በጣቴ እየቆጠርኩ፣ ትክክል ልሁን ልሳሳት ሳላውቅ ጾሙን ገፋሁት። ሰው ቢያየኝ አብዳለች ይል ነበር፤ እማማ ብርቄ አይተውኝ ሳይሆን አይቀርም።

ደሳለኝ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ እጄን አየና ከኮርድ ወደ ኮርድ ስሄድ እንዳልዘል፣ ባለሁበት ሆኜ ቅርብ ያለውን ድምፅ እንድፈልግ አሳየኝ። ለካ ከሲ ወደ ኤ ማይነር ሲኬድ ሁለቱ ጣቶች ከቦታቸው አይነቃነቁም፤ ትንሿ ብቻ አንድ እርምጃ ትሄዳለች። ከዚያ ወደ ኤፍ ሲኬድ ደግሞ የመሐሉ ጣት ብቻ። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ እጄን ከጫፍ ጫፍ ሳንከራትት ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩብህ፤ ይህን ለመንገር ስንት ደቂቃ ይፈጅብህ ነበር?

ፋሲካ ጠዋት ሰካሁት፤ መብራት የለም። የመጣው በማግስቱ ነው። እየተደነቃቀፈም ቢሆን ዘፈኑ ወጣ። ብቻዬን ቤቱ ውስጥ ጮክ ብዬ ሳቅኩ።

ሳቄ ደሳለኝ ጊታሩን ይዞ እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነበር። አብረን ሲ ብለን ጀመርን። ጆሮ የሚሰነጥቅ ነገር ወጣ። እንደገና ሞከርን፤ ባሰበት። የጊታሩን ክሮች አንድ በአንድ አየና ልክ ናቸው አለ። ምን እንዳሰብኩ ልንገርህ? ጾሙን ሙሉ በጭፍን የተማርኩት ሁሉ ስሕተት ነው፣ ጣቶቼ ያለ ድምፅ የማይሆን ቦታ ለምደዋል አልኩ። መጽሐፉን ወረወርኩት። እሱ ግን ኪቦርዱን አዞረና ጀርባውን ያይ ጀመር። ከገመዱ መሰኪያ አጠገብ፣ አቧራ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ ማንሸራተቻ አለች፤ የኪቦርዱን ጩኸት ሳይሆን የድምፁን ቅጥነት በሙሉ ከፍና ዝቅ የምታደርግ። ከመሐል ተነሥታ ወደ ዝቅታው ተገፍታለች።

"የእርስዎ ጣት ልክ ነው፣ እትዬ የሺ" አለኝ። "ዝቅ ያለው ኪቦርዱ ነው። እንዲህ የሚደረገው ለሚዘፍነው ሰው ነው፣ ከፍ ያለው ቦታ እንዳይከብደው። ጋሽ ጌታቸው ከማን ጋር ነበር የሚጫወቱት?"

ከእኔ ሌላ ማን ዘፍኖልህ ያውቃል?

ድምፄ አልተመለሰም ነበር፣ ጌትዬ። እኔ ጓዳ ሳለቅስ አንተ ማንሸራተቻዋን ዝቅ አደረግሃት። እጆችህ እንደ ድሮው በለመዱት ቦታ ነው የሚጫወቱት፤ በምን ልጠርጥር? ይህን ሳውቅ በፍቅር አለቀስኩ ብልህ ደስ ይልሃል። በንዴት ነው ያለቀስኩት። ያን ሁሉ ዓመት ዓይንህን ጨፍነህ ስትጠብቀኝ እንደምደርስ ታውቅ ነበር። ለምን አልነገርከኝም? ብትነግረኝ እንደማልዘፍን ስለምታውቅ ነው። ትክክል መሆንህ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኛል።

ፍሬ ለዝግጅቱ ስትመጣ ሞከርነው። ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ በቀጭን ድምፅዋ የምትታወቅ ልጅ፣ ኪቦርዱ እንዳለ ስትዘፍን ድምፅዋ ጉሮሮዋ ውስጥ ቀረ። ወረደብኝ እማዬ፣ ከፍ አድርጊልኝ አለች። ደሳለኝ ማንሸራተቻዋን ሊገፋ እጁን ሲዘረጋ እጁን መታሁት። ሁለቱም ደነገጡ፤ እኔም ደነገጥኩ። አንተ ከነካሃት ወዲህ ማንም አልነካትማ። ልብስህ ለሰው ተሰጥቷል፣ ብርጭቆህ ተሰብሯል፣ መነጽርህን ወንድምህ ወደ አገሩ ወደ በየዳ ወስዶታል። አንተ እንዳስቀመጥካት የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

ደሳለኝ እጁን እያሻሸ ሌላ መንገድ አለ አለኝ፤ ማንሸራተቻዋን ትተን ኮርዶቹን ራሳቸውን ወደ ላይ ማሻገር። ያ ማለት ጥቁሮቹ ቁልፎች ላይ መውጣት ነው። ሠርጉ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ጠላ ተጠምቆ ሳያልቅ፣ እኔ እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ጣቴ ከጥቁሩ ላይ ያንሸራትተዋል። አውራ ጣቴ መግቢያው ይጠፋበታል። ግራዬ ጭራሽ ይረሳል። በመጨረሻ በሁለት እጄ ኪቦርዱን መታሁትና ቀና ስል ፍሬ በሩ ላይ ቆማለች። አገጯን ሳይ ዘፈኑ ይቅር ልትለኝ እንደሆነ አወቅኩ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። አንተ ያቺን ማንሸራተቻ የነካሃት እኔ ዝም ብዬ እንዳልቀር ነው። እኔ ደግሞ እሷን እንዳለች ላቆይ ብዬ ልጅህን ዝም ላሰኛት ነው።

የጥፍር ቀለምሽን አምጪልኝ አልኳት። ቀዩን አመጣች። ጣትህ የተዋት ቦታ ላይ ትንሽ ነጥብ አደረግኩና ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቅኩ። ከዚያ ራሴ ገፋኋት፣ ወደ መሐል። ቀላል ነበረች።

በመልሷ ቀን ዳሱ ጢም ብሎ ተጫወትኩ። ጂ ላይ ተሳሳትኩ፣ ግራዬም አንድ ምት ጣለ፤ ከደሳለኝ በቀር ያወቀ የለም። ከፍ ያለው ቦታ ጋ ስንደርስ ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅኳት። ያለ ምንም እርዳታ ወጣች። ወንድምህ አንገቱን ደፋ። እልልታውን የጀመሩት ማን መሰሉህ? እማማ ብርቄ።

ፍሬ ባሏን ይዛ ሄደች፣ ዳሱም ፈረሰ። ቤቱ ጭር ሲል ኪቦርዱን አዞርኩና ማንሸራተቻዋን ወደ ቀዩ ነጥብ መለስኳት። ሲ፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ፣ ጂ። ዘፈንኩ፣ ብቻዬን፣ ደረስኩም። ንዴቴ ገና አልወጣልኝም፤ ስንገናኝ የምጠይቅህ ብዙ ነገር አለ። እስከዚያ ግን ቃሌ ይኸው ነው። በፍሬ ልደት ሁሉ ይህን ዘፈን ከቀዩ ነጥብ ላይ እዘፍነዋለሁ። ድምፄ እንዳልሆነ አውቄ እዘፍነዋለሁ። እዚያ በደረስኩ ቁጥር ማን ዝቅ እንዳለልኝ አልረሳም።

ያንተው
የሺ