የጋሼ ዘነበ ቀይ እርሳስ

ቀበና፣ ጥቅምት ፲፭ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ዘነበ፣

ድሬዳዋ እንዴት ይዛዎታለች? እህትዎ በስልክ «ሐኪሙ እንዳለው ቆላ መውረዱ በጀው፤ አሁንማ ደረጃ ይወጣል» አሉኝ። ቤታቸው አንድም ደረጃ እንደሌለው ባስታውስም፣ ደስ አለኝ።

ዕድሜ ልክዎን የተጫወቱትን የክላርኔት ኮንቸርቶ ለጊታርና ለኦርኬስትራ አሰናድቼ ልጨርስ ነው። ኅዳር ስድስት እንጫወተዋለን። እንዳስጠነቀቁኝም ከባድ ነው፤ ክላርኔት አንድ ድምፅ ይዞ ከቀበና ጉርድ ሾላ ይደርሳል፣ ጊታር ከበር ሳይወጣ ይሞታል። ረጃጅሞቹን ድምፆች ሰባብሬ በትንንሽ ምቶች ሞላኋቸው። ቫዮሊኖቹም እንዳይውጡኝ ግማሾቹን ዝም አሰኘኋቸው፤ ከዚያ ወዲህ ሰላም የሚለኝ ቫዮሊን ተጫዋች የለም።

ማክሰኞ ልምምድ ላይ መሪያችን ክርስቲያን በትሩን አወረደ።

«ዳርቱ፣ በየመሃሉ ይሄ ሁሉ ማቆም ምንድን ነው? የታተመው ኖታ ላይ የለም እኮ!»

«ጋሼ እንዲህ ነው የሚጫወቱት።»

«ጋሼማ መተንፈስ አለባቸዋ! ያንቺ ጊታር ሳንባ አለው እንዴ? በይ እስከ ሐሙስ አውጪልኝ።»

ቤት ገብቼ የእርስዎን የኖታ ቅጂ ዘረጋሁ። ሙዚቃውን እንደገና በጀመሩ ቁጥር ዓመቱን ከላይ ጽፈው፣ መተንፈሻዎን በዚያው እርሳስ ያሰፍሩ ነበር። በጥቁሩ፣ በሁለት ሺህ አንድ፣ ስምንት ቦታ። በሰማያዊው ዐሥራ ዘጠኝ። በቀዩ፣ በሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት፣ መቁጠሩን ተውኩት። «ስልት ነው» ስላሉኝ፣ እኔም ስልት ነው ብዬ ተምሬዋለሁ።

እንጦጦ ስንወጣስ? በየኩርባው ቆመው «ቆይ፣ ይቺን ባሕር ዛፍ ልያት» ይሉኝ ነበር። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ሳይቀሩ «አባባ፣ ዛሬም ዛፍ ይቆጥራሉ?» እያሉ ያልፉናል። ሰው ባሕር ዛፍን ይህን ያህል ይወዳል እንዴ እያልኩ፣ ጊታሬን አዝዬ እጠብቅዎ ነበር። በክላርኔት ጊታር ያስተማረ ሰው ከእርስዎ ሌላ አላውቅም። መጠበቅ የተማርኩትም ከእርስዎ ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።

ሐሙስ ለክርስቲያን «አንዱንም አላወጣም» ብዬ ቅጂውን ዘረጋሁለት። ሦስቱን ቀለማት ሲያገላብጥ ቆየ። ከዚያ ወደ ኦርኬስትራው ዞሮ «እርሳስ አውጡ» አለ። ሠላሳ ሁለት ሰው የእርስዎን ትንፋሽ በየወረቀቱ ላይ አሰፈረ። ቫዮሊኖቹም ጭምር።

የቸገረኝ የመጨረሻው ገጽ ነው። ጥቁሩና ሰማያዊው አሉ፤ ቀዩ ግን እዚያ አልደረሰም። «የቀረውን ነገ» ብለው ክላርኔቱን ሳጥኑ ውስጥ የመለሱ ዕለት መሰለኝ። ገጹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ፤ ቀይ እርሳስም ቀርጬ አድርጌበታለሁ። የፈለጉት ቦታ፣ የፈለጉትን ያህል ምልክት ያድርጉ። በእያንዳንዱ ላይ እቆማለሁ።

የድሬ ሙቀት ደረትዎን ያላላልዎት፤ ትንፋሽዎም ይርዘምልኝ።

ከኩርባው ላይ የምትጠብቅዎ ልጅዎ፣
ዳርቱ