ሁለቴ የተዘፈነው ዘፈን

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለክላይቭ፣ ፐርዝ።

እናንተ ዘንድ ሙቀቱ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ከዝናቡ በቀር ደህና ነን። ከመድረክ ጀርባ የእህታችንን የሎሬንን የፓንክ ባንድ ጊታሮች እየቃኘሁ አርባ ዓመት ደፈንኩ።

ቅዳሜ ሊድስ ላይ ሎሬን አንዱን ዘፈን እንደጨረሰች ያንኑ እንደገና ጀመረችው። ሕዝቡ ያላገጠችበት መስሎት በደስታ አበደ። ከበሮ መቺው ሮይ፣ «አሮጊቷ ዛሬ ለየላት!» ብሎ እየሳቀ ተከተላት። እኔም ሳቅሁ።

ከመድረክ ስትወርድ ጠጋ ብላ፣ «ናይጄል፣ መቼ ነው የምንጀምረው?» አለችኝ።

«ጨረስን እኮ፣ እቴ።»

«ታዲያ አትነግረኝም፣ አንተ ደንቆሮ!»

አሁን ግጥሞቹን በትልልቅ ፊደል ጽፌ እግሯ ሥር እለጥፍላታለሁ።

ለመጪው ገና ልምጣ ያልከውን ቀደም አድርገህ ወደዚህ ፋሲካ ብታቀርበው ምን ይመስልሃል? እዚህ በፋሲካ ሰሞን የሚገባው የዘንድሮው ፀደይ ጥሩ ነው ይላሉ።

ልጆቹን ሳምልኝ። እስክትመጣ ሁላችንንም እንዳለን ያቆየን።

ወንድምህ ናይጄል