ሁለተኛው መውቂያ

ሐይቅ፣ ኅዳር 2015 ዓ.ም.

ውድ ልጄ አብዱልሰመድ፣

አላህ እጅህን ከጉዳት፣ ልብህን ከብቸኝነት ይጠብቅልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፤ አጎትህ ሰዓድ በሚቀጥለው ሳምንት በበሬ ያስወቃል።

የላክኸውን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። እዚያ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ አጠገብ የገዛኸው አሮጌ የእህል መውቂያ ማሽን ቤታችንን ያክላል። ዝገቱን ፍቀህ፣ የበሰበሰውን እንጨት ተክተህ እንደገና ሲሠራ ሳየው ደስ አለኝ፤ ሥራህ ንጹሕ ነው። ነገር ግን የሸሚዝህ እጅጌ ሰፊ ነው፤ ማሽኑን የሚያዞረው ቺንጋ አጠገብ ስትቆም ጠቅልለው። ሰዓድም አይቶ፣ «እትዬ፣ ልጅ ሳለ ከአውድማ ይሸሽ የነበረው እሱ አይደል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሁለተኛ ማሽን ልትገዛ መሆንህን የሰማሁት ግን ከእህትህ ከሪሀና ነው። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። መጀመሪያ ኮሮናው፣ ቀጥሎ ጦርነቱ መንገድህን ዘጋው፤ እኔም ታግሼ ጠበቅሁ። አሁን መንገዱ ሲከፈት፣ ከቦታው የማይነቃነቅ ብረት መሰብሰብህ አስፈራኝ። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚያከማች ሰው ወደ አገሩ ለመምጣት የሚያስብ አይመስለኝም። ተሳስቼ ከሆነ አርመኝ።

የጀመርኸውን ሁሉ አላህ ይባርክልህ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥህ። መሰብሰቡን ተው አልልህም። ሁለተኛውን ከመግዛትህ በፊት ግን መጥተህ እየኝ።

እናትህ