ከጋሼ ጎን ስሮጥ

ጥር 3
ልምምድ። ረጅሙ ሩጫ። እንደ ሁልጊዜው ታላቅ ወንድሜ ከጎኔ። እኔ ጋሼ እለዋለሁ፤ ሰፈሩ ግን «ቀጭኔ» ነው የሚለው፣ እግሩ አያልቅም። የራሱን ውድድር ትቶ የእኔ አሯሯጭ ከሆነ ስንት ዘመኑ...
«ዘርጋ ዘርጋ አድርጊው! ከእኔ እኩል!»
ዘረጋሁ። ግራ ቅልጥሜ ዛሬም ጠዘጠዘኝ። ማጣሪያው እየደረሰ ነው። ዋጥ አደረግኩት።

ጥር 5
ደረጃ መውረድ አቃተኝ። እማዬ አየችኝ። «በእግርሽ ትሄጃለሽ ወይስ ጎትቼ ልውሰድሽ?» ሐኪም ቤት ማለቷ ነው። እሺ አልኩ፣ ምን አማራጭ አለኝ?

ጥር 8
የእግር ሐኪሟ ዘንድ። አጥንቱ ገና አልተሰነጠቀም፤ በዚሁ ከቀጠልኩ ግን አይቀርልኝም። ማጣሪያውም ቀረ ማለት ነው...
የመሮጫ ማሽን ላይ አወጣችኝ። እግሬ ሲያርፍ ምን ያህል እንደሚመታ ይለካል። ካሜራም አለው። ሮጥኩ። ምንም የተበላሸ ነገር የለም! ግራ ገባት። እኔም ግራ ገባኝ። ታዲያ ሕመሙ ከሰማይ ወረደ?
«ልምምድ ከማን ጋር ነው?»
«ከወንድሜ።»
«ነገ ይዘሽው ነይ።»

ጥር 9
ጉድ! ጉድ ነው የማየው! 
ሁለት ማሽን ጎን ለጎን። ፍጥነቱ ያው የትናንቱ። ጋሼ እየቀለደ ሮጠ፣ እኔም እየሳቅኩ። ከዚያ ሐኪሟ ቪዲዮውን ቀስ አድርጋ አሳየችን። ቪዲዮው ላይ የምትሮጠው እኔ ነኝ? ትናንት ብቻዬን እርምጃዬ አጠር፣ ቶሎ ቶሎ፣ እግሬ ከሥሬ ነበር የሚያርፈው። ዛሬ ከጋሼ ጋር እኩል አነሳለሁ፣ እኩል አሳርፋለሁ። እሱ ረጅም ነው፣ ያምርበታል። እኔ አጭሯ እሱን ልደርስ እግሬን ወደፊት እወረውረዋለሁ። ጉልበቴ ተገትሮ ተረከዜ መሬቱን ይደበድባል! ማሽኑ ላይ የምቱ መስመር ሽቅብ ወጣ።
ክው አልኩ። የጋሼን ፊት ማየት ፈራሁ።
«እኔ ነኝ?» አለ። «እኔ ነኝ እግሯን የምሰብራት?»
«ኧረ በፍጹም! አብሮ የሚሮጥ ሰው ሳያስበው እርምጃው ይገጥማል» አለች ሐኪሟ። የሰማት አይመስለኝም። ጃኬቱን ረስቶት ወጣ።

ጥር 10
ለጋሼ ደወልኩ። አያነሳም።

የካቲት 2
ከእረፍት በኋላ ሐኪሟ መሮጥ ፈቀደችልኝ። ብቻዬን፣ አጠር አጠር፣ ቶሎ ቶሎ። ባቴ ተቃጠለ፤ ቅልጥሜ ግን ዝም። ደስ ሊለኝ አይገባም? እኔ ጅሏ ጎን ጎኔን ሳይ ዋልኩ። ጋሼ እኛ ቤት ይመጣል፣ ይበላል፣ ስለ ሩጫ ትንፍሽ አይልም። 

የካቲት 23
ማጣሪያውን አለፍኩ!! እኔ! ያለ አሯሯጭ! አሁንም አላመንኩም።
መስመሩን እንዳለፍኩ ጋሼ አጥሩን ዘሎ መጣ። አይመጣም ብዬ ቆርጬ ነበር። ፊቱ በእንባ ርሷል። በሕይወቴ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ ደነገጥኩ።
«ምነው ጋሼ? ምን ሆንክ?»
«ስትሮጪ እኮ... እንዲህ ታምሪያለሽ እንዴ?» አለኝ። «ያን ሁሉ ዓመት ከጎንሽ ሆኜ አንድ ቀን አይቼሽ አላውቅም።»